ጂቲኤ 5፦ አንታይ አሊያሲንግ ሳበራው ፍሬሙ ይሞታል፣ ሳጠፋው ሽቦው ሁሉ መጋዝ ይሆናል። ምን ይሻለኛል?

ጠባሴው · ማታ 2:10

ሰላም ቤተሰብ እንዴት አመሻችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጣቴ በርዶት ኪቦርዱን እየሳተ ስለሆነ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ከሁለት ወር በፊት አዲሳባ ገብቼ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይዤ መጣሁ፣ ኮር አይ ፋይቭ 4ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ። ጂቲኤ 5 ጌምን ጫንኩ፣ በፈረንጆች 2015 ለፒሲ የወጣውን የድሮውን ማለቴ ነው። ችግሬ ይሄ ነው፣ 1080ፒ ላይ አንታይ አሊያሲንጉን፣ የጠርዙን መጋዝ የሚሞርደውን ማለቴ ነው፣ ኤምኤስኤኤ በሚባለው አይነት 4ኤክስ ሳረገው ከተማ ውስጥ በሰከንድ 40 ምናምን ፍሬም ይሰጠኛል፣ ወደ ገጠሩ ወጥቼ ሳር ውስጥ ስገባ ግን 26 27 ይወርዳል፣ መኪናዋ ጣርማበርን እንደሚወጣ ጭነት አይሱዙ ታቃስታለች። ሳጠፋው ደግሞ 60 ላይ ይቀመጣል ግን የመብራት ሽቦው የአጥሩ ጠርዝ የመኪናው ጣራ ሁሉ መጋዝ ይሆናል። ቆሜ ሳየው እንኳን ይቻላል፣ ስነዳ ግን ሁሉም ነገር ይርገበገባል፣ ግማሽ ሰዓት ተጫውቼ ዓይኔ ያለቅሳል።

ኤፍኤክስኤኤ የሚባለውን ሌላውን አይነትም ሞክሬያለሁ፣ የሱቆቹን ታፔላ ሁሉ ቅባት በነካው መነጽር የማየው አስመሰለብኝ። ሌላ ደግሞ ስክሪኑ ዙሪያውን ትንሽ ይቆረጥብኛል፣ የታስክባሩ ግማሽ አይታይም፣ እሱን ግን ለምጄዋለሁ። ጥራቱንም ፍሬሙንም የምይዝበት መላ ካላችሁ ወዲህ በሉ። ካርድ ቀይር እንዳትሉኝ ብቻ።

ጭላዳ47 · ማታ 2:16

ካርድ ቀይር ሃሃሃ

የምሬን ግን አጥፋውና ተጫወት። አንታይ አሊያሲንግ ጌም ለሚያይ ሰው ነው እንጂ ጌም ለሚጫወት ሰው አይደለም። እኔ ሲኤስ 2 የተኩስ ጌም ላይ ሁሉንም ሎው አርጌ ነው የምጫወተው ማንም መጋዝ ነው ብሎ አልሞተም።

ጠባሴው · ማታ 2:19

ወንድሜ እኔ ሰው መግደል ሳይሆን ባህር ዳርቻው ጋ መኪና መንዳት ነው የምፈልገው 😅

ጌም ቤት ደብረ ሲና · ማታ 2:31

ልጆች እንደምን አመሻችሁ። እኔ ጌም ቤት ከከፈትኩ ቆይቻለሁ፣ ስለ ፒክስሉ ምናምን አላውቅም፣ ደንበኛ ግን አውቃለሁ። ልጅ መጥቶ 40 ነው 50 ነው ብሎ አያማርርም። የሚያማርረው አንዴ 60 አንዴ 35 ሲሆን ነው፣ «ጋሼ ይሄ ማሽን ይይዘዋል» ይልሃል። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ዝቅ ቢልም ይለምደዋል። ሌላው የሚያማርሩት የኳስ ጌም ላይ የጎሉን መረብ ነው፣ ካሜራው ሲዞር መረቡ ጉንዳን እንደወረረው ይርመሰመሳል። የሜዳው መስመርም እንደዛው። መፍትሄውን የሚያውቅ ካለ እኔም እከታተላለሁ።

የሸማኔ ልጅ · ማታ 2:58

አያቴ ቡልጋ ሸማኔ ነበሩ፣ ስለዚህ ይሄ ነገር የገባኝ በጥለት ነው፣ ትንሽ ላስረዝምባችሁ።

የቀሚስ ጥለት ላይ ሰያፍ መስመር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ እዩት፣ ሰያፍ የሚባል ነገር የለም። ድሩ በቁመት ነው ማጉ በአግድም ነው፣ ሸማኔው ባለቀለሟን ክር ወይ እዚህ ድር ላይ ያሳርፋታል ወይ ቀጥሎ ያለው ላይ ያሳርፋታል፣ መሃል ላይ ማሳረፍ አይችልም። ስለዚህ መስመሯ ደረጃ ደረጃ ናት። ከሩቅ ግን ቀጥ ብላ ትታይሃለች። ስክሪኑም ያው ድርና ማግ ነው።

ኤስኤስኤኤ የሚሉት ጥለቱን በጣም በቀጠነ ክር ሰርቶ ከሩቅ እንደማሳየት ነው። 4ኤክስ ከሆነ ካርዱ አራት እጥፍ ፒክስል ሙሉ በሙሉ ይስላል፣ ከዛ አራቱን ቀላቅሎ አንድ ያረጋቸዋል። ያምራል፣ ካርዱን ግን ይገለዋል። ኤምኤስኤኤ ብልጠት አለው፣ አንድ ፒክስል ውስጥ አራት ነጥብ ላይ የሚለካው ጠርዙ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ብቻ ነው፣ ቀለሙን ግን ለአንድ ቅርጽ አንዴ ብቻ ያሰላል። የግድግዳው መሃል ላይ ወጪው ትንሽ ነው፣ ትልቁ ወጪ ጠርዙ ላይ ነው።

ኤፍኤክስኤኤ ደግሞ ልብሱ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። በፈረንጆች 2009 ኤንቪዲያ ውስጥ ቲሞቲ ሎተስ የሚባል ሰው ነው የሰራው። ያለቀውን ምስል አይቶ ብርሃኑ ድንገት የሚቀየርበትን ቦታ ፈልጎ ያሻሸዋል። ርካሽ ነው፣ ዕድሜውን ሁሉ ደካማ ካርድ ያላቸው ሰዎች ሲመርቁት ነው የኖረው። ነገር ግን የጣራ ጠርዝ ይሁን የታፔላ ፊደል ይሁን አይለይም፣ ሁለቱንም ያሻሸዋል። ቅባት የመሰለህ ለዛ ነው።

በሁለቱ መሃል ኤስኤምኤኤ አለ፣ የስፔኑ ዛራጎዛ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከክራይቴክ ጋር ሆነው የሰሩት። እሱም ካለቀ ምስል ላይ ነው የሚሰራው ግን የደረጃውን ቅርጽ አጥንቶ መስመሩ በየት ሊያልፍ እንደነበር ይገምታል፣ ስለዚህ ፊደል ላይ እጁን ይሰበስባል። ጂቲኤ ሜኑ ውስጥ የለም፣ ሪሼድ በሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ይቻላል። ኦንላይን ላይ ግን እንደዚህ አይነት ነገር አታስገባ፣ ለብቻህ ስትጫወት ብቻ።

ጭላዳ47 · ማታ 3:02

ወይ ጉድ ፒሲ ጌም ከሸማ ጋር ተገናኘ። ግን ገባኝ አልዋሽም።

ሮቢት ሞቃቷ · ማታ 3:09

እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ላፕቶፕ ነው ያለኝ፣ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተጣበቀው አይነት። ኤምኤስኤኤ 2ኤክስ ሳበራ ራሱ ጌሙ ወደ ስላይድ ሾው ይቀየራል። እዚህ ቀትር ላይ ማሽኑ ራሱ የዛፍ ጥላ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ ስሄድ ያው ጌም በያው ሴቲንግ ደህና ይሄዳል፣ መጀመሪያ ኢንተርኔቱ መስሎኝ ነበር 😂

ሼደሯ · ማታ 3:20

@ሮቢት ሞቃቷ ያንቺ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሙቀቱ፣ ፕሮሰሰሩ ወደ 95 እና 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፍሬሙ አብሮ ይወርዳል። ከስሩ ሁለት የጠርሙስ ክዳን አስገብተሽ ከፍ አርጊው፣ አቧራውን አስጠርጊ፣ አልጋ ላይ አታስቀምጪው። ሁለተኛው ራሙ ነው። እንዲህ አይነቱ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ የማሽኑን ራም ነው የሚበላው። ራምሽ አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዲዲአር4 2400 የሚባለው በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ነው የሚያመላልሰው፣ ሁለት ፍሬ ሲሆን 38.4። የጠባሴው 1050 ቲአይ ለራሱ ብቻ 112 አለው። ኤምኤስኤኤ ከምንም በላይ የሚበላው ይሄን ማመላለሻ ነው። ሁለተኛ ራም እስክትገዢ ኤምኤስኤኤን እርሺው፣ ኤፍኤክስኤኤ ይበቃሻል።

@ጠባሴው አንተ ጋ ደግሞ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንድ፣ ስክሪንህ ምንድን ነው? ሞኒተር ነው ቲቪ? ሁለት፣ አፍተርበርነር የሚባለውን መለኪያ ፕሮግራም ጫንና ፍሬሙ ሲወድቅ የካርዱ አጠቃቀም ስንት ፐርሰንት እንደሆነ እየው፣ ፕሮሰሰሩንም አብረህ። እነዚህን ሳናውቅ ይሄን አብራ ያንን አጥፋ ማለት ሳያዩ መድሃኒት ማዘዝ ነው።

ጠባሴው · ማታ 3:26

ቲቪ ነው፣ 32 ኢንች፣ የቤቱ ነው። በኤችዲኤምአይ ነው የሰካሁት። እማዬ ዜና ካየች በኋላ ነው የኔ ተራ የሚደርሰው። ምነው ለውጥ አለው?

ሼደሯ · ማታ 3:27

ስክሪኑ ዙሪያውን ይቆረጥብኛል ስትል ጠርጥሬ ነበር።

የቲቪውን ጀርባ ወይ ካርቶኑን እየው። «ፉል ኤችዲ» ይላል ወይስ «ኤችዲ ሬዲ»?

ጠባሴው · ማታ 3:41

ካርቶኑን ቆጥ ላይ አገኘሁት። ኤችዲ ሬዲ ይላል። 1366 በ768። ግን ዊንዶውሱ 1080 ነው የሚለኝ እኮ??

ሼደሯ · ማታ 4:05

እሱ ነው ነገሩ። ቲቪው 1080 ሲግናል እሺ ብሎ ይቀበላል ግን ብርጭቆው ላይ ያለው ፒክስል 768 መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ካርድህ 2,073,600 ፒክስል ደክሞ ይስላል፣ ቲቪው ደግሞ ወደ 1,049,088 ጨፍልቆ ያሳይሃል። ግማሹን ልፋት መንገድ ላይ ትደፋዋለህ። አጨፋለቁ ደግሞ በ1.4 ነው፣ ልክ በልክ አይገጥምም፣ አንድ ፒክስል የምትወፍር የመብራት ሽቦ አንዱ ጋ ሙሉ ትሆናለች ቀጥሎ ደግሞ ግማሽ ትሆናለች፣ ስትነዳ ትርገበገባለች። በዛ ላይ ቲቪው ጠርዙን ቆርጦ ምስሉን ትንሽ ይለጥጠዋል፣ ያ ነው ታስክባርህን የበላው፣ እሱም ሌላ ድርብ ጭፍለቃ ነው። በዛ ላይ ቲቪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ሻርፕነሱ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የእያንዳንዱን ጠርዝ ዳር በነጭ እንደማስመር ማለት ነው። ካርድህ መጋዙን በኤምኤስኤኤ ሲሞርድ ቲቪህ መልሶ እየሳለው ነው እኮ።

እንዲህ አርግ፦ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ግባና 1360 በ768 ወይ 1366 በ768 የሚል ካለ እሱን ምረጥ። ቲቪው ላይ ምስሉን የማይቆርጠውን ሞድ ፈልግ፣ በየቲቪው ስሙ ይለያያል «ጀስት ስካን» ይላል «ስክሪን ፊት» ይላል። ሻርፕነሱን ወደ ዜሮ አውርድ። ጌም ሞድ ካለው አብራ። ከዛ ነው ስለ አንታይ አሊያሲንግ የምናወራው።

ስለ ሳሩ ደግሞ፣ የሸማኔው ልጅ ወጪው ጠርዝ ላይ ነው ብሎ የለ? ሳር ምን ማለት ነው፣ ሁሉም ጠርዝ ነው፣ መሃል የለውም። ኤምኤስኤኤ የሚቆጥብበት ቦታ ያጣል። ጂቲኤ 5 ደግሞ ዲፈርድ ነው፣ መጀመሪያ የእቃውን ቀለም፣ ወዴት እንደዞረ፣ ምን ያህል እንደራቀ ለየብቻ ሰሌዳ ላይ ይመዘግባል፣ ብርሃኑን በኋላ ነው ከሰሌዳዎቹ እያነበበ የሚያሰላው። 4ኤክስ ስትል ሰሌዳዎቹ ሁሉ አራት እጥፍ ይሆናሉ። የድሮ ጌም ላይ ኤምኤስኤኤ ቀላል የነበረው እንዲህ አይነት መዝገብ ስላልነበረው ነው።

የሸማኔ ልጅ · ማታ 4:11

እህቴ ዕድሜሽ ይርዘም፣ እኔ ስለ ክር ሳወራ አንቺ ሸማው የተሰቀለበትን ግድግዳ አየሽው።

አንኮበር ንፋስ · ማታ 4:30

ሰዎች 2015 ላይ ተቀብራችሁ ቀራችሁ እንዴ? ኤምኤስኤኤ ሞቷል። አሁን ሁሉም ቲኤኤ ነው፣ ከሱም ዲኤልኤስኤስ፣ በትንሹ ስሎ በኤአይ የሚያሳድገው። እኔ 3060 ካርድ ነው ያለኝ፣ ዲኤልኤስኤስ ኳሊቲ አበራለሁ፣ ፍሬምም ይጨምራል ጠርዝም ይስተካከላል፣ ሁለቱንም ባንድ ድንጋይ።

ጭላዳ47 · ማታ 4:32

ሰውዬው ካርድ ቀይር አትበሉኝ አለ እኮ አቦ

የሸማኔ ልጅ · ማታ 4:50

አንኮበር ንፋስ እውነቱን ነው ግን ለጠባሴው አይሆንም። ዲኤልኤስኤስ በፈረንጆች 2018 ከወጡት አርቲኤክስ ካርዶች ጀምሮ ነው፣ 1050 ቲአይ ላይ አይሰራም። የኤኤምዲው ተመሳሳይ፣ ኤፍኤስአር 2፣ ይሰራል ግን ጌሙ ውስጥ መኖር አለበት፣ የድሮው ጂቲኤ 5 ደግሞ የለውም።

ቲኤኤም ቢሆን ነጻ አይደለም። አሰራሩ በየፍሬሙ ካሜራዋን ከአንድ ፒክስል ባነሰች ልክ ፈቀቅ እያረገ ያለፉትን ፍሬሞች ከአሁኑ ጋር መቀላቀል ነው። ቆመህ ስታየው እንደ ኤስኤስኤኤ ያምራል። ሲንቀሳቀስ ግን ያለፈውን ፍሬም የት ወስዶ እንደሚለጥፈው መገመት አለበት፣ ሲሳሳት ከሰውየው ኋላ ጥላ ይጎተታል። ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ፣ ቲኤኤ በ30 ፍሬምና በ60 ፍሬም አንድ አይደለም። 60 ላይ ያለፈው ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው ያረጀው፣ 30 ላይ 33.3። ሰውየው በዛ መሃል ብዙ ሄዷል፣ ግምቱ ይበላሻል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቲኤኤ ያለው ጌም ላይ ሌላ ነገር ቀንሰህ ፍሬም ብትጨምር አንታይ አሊያሲንጉም አብሮ ይሻሻልልሃል። ጥራትና ፍሬም ሁሌ አይጣሉም ማለት ነው።

አንኮበር ንፋስ · ማታ 4:58

የ30 እና 60 ነገሯን አላውቃትም ነበር፣ ተቀብያለሁ። ሬድ ዴድ 2 ላይ ቲኤኤን አጥፍቼ የፈረሱ ጭራና የዛፉ ቅጠል በነጠብጣብ ሲሆን ያየሁት ግን ምንድን ነው?

ሼደሯ · ማታ 5:03

ጌሙ ሲሰራ ቲኤኤ ይበራል ብለው ስላሰቡ ነው። ጸጉርና ቅጠልን ግማሽ ፒክስሉን ስለው ግማሹን ይተዉታል፣ ቲኤኤው ቀላቅሎ ያለሰልስልናል ብለው። ስታጠፋው ወንፊት ይሆናል። ኤምኤስኤኤ አብራበት ብትለውም ወንፊቱን አይደፍነውም። እንደዛ አይነት ጌም ላይ ቲኤኤን አብርቶ ትንሽ ሻርፕን መጨመር ነው ያለው፣ ከቲቪው ሳይሆን ከጌሙ ወይ ከካርዱ ሴቲንግ።

ጌም ቤት ደብረ ሲና · ማታ 5:10

ልጄ ሼደሯ፣ የጎሉን መረብ ረሳሽብኝ።

ሼደሯ · ማታ 5:18

ይቅርታ ጋሼ አልረሳሁዎትም። መረቡ ብዙ ጌም ላይ እውነተኛ ክር አይደለም፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ የተሳለበት ምስል ነው። ኤምኤስኤኤ የሚያውቀው የሰሌዳውን ዳር ብቻ ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። የሽቦ አጥርና የዛፍ ቅጠልም እንደዛ ነው። የእርስዎ ማሽኖች ኤንቪዲያ ካርድ ካላቸው ኮንትሮል ፓነሉ ላይ «አንታይአሊያሲንግ ትራንስፓረንሲ» የሚል አለ፣ የድሮ ጌሞች ላይ ይረዳል፣ ሁሉም ላይ ግን አይሰራም። የሜዳውን መስመር ግን አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግን 16ኤክስ ያርጉት፣ ራቅ ሲል የሚደበዝዘውን ያጠራዋል፣ ፍሬም ላይ የሚታይ ወጪ የለውም። ቲቪ ከሆነ የተሰካው ሻርፕነሱን ከሁሉ በፊት ያውርዱ።

ጌም ቤት ደብረ ሲና · ማታ 5:20

ቲቪ ነው ሁሉም። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ነገ ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ አያለሁ።

ጭላዳ47 · ማታ 5:24

ሲኤስ 2 ላይስ ታዲያ? አጥፋው ብዬ ተሳሳትኩ?

የሸማኔ ልጅ · ማታ 5:33

ብዙም አልተሳሳትክም ግን ሞክረው። ሲኤስ 2 ኤምኤስኤኤ 2ኤክስ 4ኤክስ 8ኤክስ አለው፣ ሲኤምኤኤ2 የሚባል የኢንቴል ስራም አለው፣ እሱ እንደ ኤፍኤክስኤኤ ርካሽ ሆኖ ያን ያህል አያደበዝዝም። ራቅ ያለ ሰው ጭንቅላቱ አራት አምስት ፒክስል ናት፣ ያለ አንታይ አሊያሲንግ ሲንቀሳቀስ ፒክስሎቹ እየጠፉ እየመጡ ይጨፍራሉ፣ ሲረጋ ዓይንህ ቶሎ ይይዘዋል። ፕሮሰሰርህ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ስራ ፈትቶ ነው የሚጠብቀው፣ 2ኤክስ ብታበራ ፍሬምህ ንቅንቅ ላይል ይችላል።

ጭላዳ47 · ማታ 5:35

ስራ ፈት ካርድ... ቤታችን ውስጥ እኔን ነው የሚሉኝ

ጠባሴው · በማግስቱ ማታ 1:50

ይቅርታ ጠፋሁ፣ ትናንት ኮንትሮል ፓነሉን እንደከፈትኩ መብራት ሄደ። ዛሬ ነው የጨረስኩት።

1360 በ768 አለ! መረጥኩት፣ ታስክባሩ ሙሉ ሆኖ መጣ፣ ለሁለት ወር ያላየሁትን ሰዓት አየሁት። ሻርፕነሱ 70 ላይ ነበር፣ ዜሮ አረኩት። መጀመሪያ ደበዘዘ ብዬ ልመልሰው ነበር፣ አስር ደቂቃ ቆይቼ ሳየው ግን ሽቦዎቹ ተረጋግተዋል፣ ያውም አንታይ አሊያሲንግ ሳላበራ። ግማሹ መጋዝ የቲቪው ነበር ማለት ነው፣ ካርዱን በከንቱ ስሰድበው ከረምኩ።

ከዛ አፍተርበርነርን ከፈትኩ። ያለ ምንም አንታይ አሊያሲንግ ከተማ ውስጥ ካርዱ 50 ምናምን ፐርሰንት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን 95 እና 100 መሃል። 2ኤክስ አረኩት፣ ፍሬሙ አልተንቀሳቀሰም። 4ኤክስ አረኩት፣ አሁንም ያው 58 60 ነው፣ ካርዱ ብቻ ወደ 80 ወጣ። ያ 1080 ላይ 40 ይሰጠኝ የነበረ 4ኤክስ! ገጠሩ ላይ ሳሩን አልትራ ላይ ትቼው 45 ገባ፣ ሳሩን ወደ ሃይ ሳወርደው 55 58 ሆነ። ሪፍሌክሽን ኤምኤስኤኤ የሚል ለብቻው እንዳለ አላየሁም ነበር፣ እሱም በርቶ ነበር፣ አጠፋሁት፣ ውሃውና የመኪናው ቀለም ላይ ለውጥ አላየሁም።

8ኤክስስ ልሞክር?

ሼደሯ · ማታ 2:04

ደስ ሲል! 8ኤክስ በ768 ማለት በየፍሬሙ 8 ሚሊዮን ምናምን ነጥብ ነው፣ 4ኤክስ በ1080 የነበረው ልክ ያህል ማለት ነው። ያ ጭነት ምን እንዳረገህ ታውቀዋለህ። 4ኤክስ ላይ ተቀመጥ። ዓይንህ ከ4 ወደ 8 የሚያየው ለውጥ ከ0 ወደ 2 ካየው ጋር አይወዳደርም።

ፕሮሰሰሩን ደግሞ ካሳረፍከው ከተማ ውስጥ የተረጋጋ ይሆናል። ፖፑሌሽን ዴንሲቲን፣ የመንገዱን ሰውና መኪና ብዛት ማለት ነው፣ ትንሽ አውርድ፣ አድቫንስድ ውስጥ ያለውን ኤክስቴንድድ ዲስታንስ ስኬሊንግ፣ የሩቁን እቃ በዝርዝር የሚያሳየውን፣ አጥፋ። አንታይ አሊያሲንግ መቀነስ ለፕሮሰሰሩ ምንም አያረግለትም፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዛ ጋ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ደክሞት የካርዱን ስራ ይቀንሳሉ።

ጠባሴው · ማታ 2:15

ገጠር ላይ ግን 55 ሲሆን አንዳንዴ ድንገት 30 ብሎ ይመለሳል፣ እሱስ?

ጌም ቤት ደብረ ሲና · ማታ 2:22

ይሄን እኔም አውቀዋለሁ ልጄ፣ ቪሲንክ ነው። ቲቪው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ይጠብቅሃል፣ ፍሬምህ ለጥቂት ከዘገየች የሚቀጥለውን ዙር ትጠብቃለች፣ 33.3 ሆነ ማለት ነው። አውቶብስ እንዳመለጠው ሰው፣ አንድ ደቂቃ ዘግየህ ቀጣዩን ሙሉ ትጠብቃለህ። ወይ ሳሩን አንድ ደረጃ አውርደህ ከ60 በላይ አስቀምጠው ወይ ቪሲንኩን «ሃፍ» አርገህ 30 ላይ እሰረው። እኔ ልጆቹ ሳያውቁ ሁለቱን ማሽን 30 ላይ አስሬያቸዋለሁ፣ «ጋሼ ይሄኛው ይሻላል» እያሉ ይጋፉበታል።

በነገራችን ላይ የቲቪዎቹን ሻርፕነስ ጠዋት አወረድኩ፣ አንዱ ልጅ መጥቶ አዲስ ቲቪ ገዛህ ወይ አለኝ።

ጠባሴው · ማታ 2:40

ጋሼ ሳሩን ኖርማል አረኩት፣ 60 ላይ ቁጭ አለ። ከመኪና ውስጥ ሆኜ ማን ሳር ይቆጥራል። የመብራት ሽቦው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ከሰፈራችን ሽቦ ይሻላል።

አሁን አንድ ችግር ብቻ ቀረ። እማዬ ዜና ልታይ መጥታ «ዛሬ ዜና አንባቢው ፊቱ ምን ነካው፣ አቧራ ነው እንዴ» እያለች መስታወቱን በቀሚሷ እየወለወለች ነው።

ሼደሯ · ማታ 2:43

ሴቲንጉ ብዙ ቲቪ ላይ ለየመስኪያው ለብቻ ነው የሚቀመጠው። ዲሹ ወዳለበት ቀይርና ሻርፕነሱን መልስላቸው፣ የፒሲውን መስኪያ ዜሮውን እንዳለ ተወው።

ጠባሴው · ማታ 2:51

ዲሹም ፒሲውም አንድ መስኪያ ላይ ነው እየነቀልኩ የምሰካው፣ ሌላኛው አይሰራም 😭

ሮቢት ሞቃቷ · ማታ 2:53

ሪሞቱን ደብቅ